ስለ ግድፈት ያጠናው ሰው

«ስህተት ተፈጽሟል፤ አስፈላጊው እርምጃም ይወሰዳል።»

ይህን መሰል መግለጫ ሰምቶ የማያውቅ ሰው የለም። በሰዋስው በኩል እንከን አይወጣለትም። ውሸትም ላይሆን ይችላል። ግን ስህተቱን የፈጸመው ማን ነው? የተፈጸመውስ በማን ላይ ነው? እርምጃውን የሚወስደው የትኛው ወገን ነው? «አስፈላጊ» የሚሆነው በማን ሚዛን ነው? አማርኛ ግሱ ላይ አንዲት «ተ» ጨምሮ አድራጊውን ከአረፍተ ነገሩ ማስወጣት ይችላል፤ እንግሊዝኛም በራሱ መንገድ ያደርገዋል። አድማጩ ደግሞ ክፍተቱን ሳያስተውል «ገባኝ» ብሎ ያልፋል።

ጆን ግሪንደር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልሳን ምሁር ዶክትሬቱን የሠራው በዚሁ ጉዳይ ነበር፤ ከአረፍተ ነገር ውስጥ በሚጎድለው ነገር። ዓለም የሚያውቀው ግን በዚህ አይደለም። ኒውሮ ሊንጉስቲክ ፕሮግራሚንግ፣ ባጭሩ ኤን ኤል ፒ፣ የተባለውን ራስን የማሻሻያ ዘዴ በመመሥረቱ ነው። ዛሬ በየሆቴሉ አዳራሽ «አእምሯችሁን ፕሮግራም አድርጉ» የሚል አሰልጣኝ ስሙን ሰምቶት ላያውቅ ይችላል። የሐረጉ የዘር ሐረግ ሲቆጠር ግን ከአያቶቹ አንዱ ይህ ሰው ነው። አነቃቂ ንግግር ትልቅ ሥራ በሆነበት ጊዜ ታሪኩን ማወቅ አይከፋም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሪንደር በ1940 በዲትሮይት፣ ሚሺጋን ተወለደ። በሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ከተማረ በኋላ ወደ ጦር ሠራዊት ገባ፤ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን አውሮፓ ውስጥ በአሜሪካ ልዩ ኃይል በሻምበልነት አገለገለ። ስለዚህ ዘመኑ ብዙ ወሬ ይወራል፤ ሰላይ ነበር የሚሉም አሉ። ወሬው ለስልጠና ገበያ ጥሩ ማጣፈጫ ስለሆነ ማንም ሊያጠራው የቸኮለ አይመስልም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የደንብ ልብሱን አውልቆ ወደ ትምህርት ተመለሰ፤ ሥነ ልሳን ሊማር።

ጊዜው ለዚህ ትምህርት የፋሲካ ዘመን ነበር። ኖአም ቾምስኪ በ1957 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ የቋንቋ ጥናትን አናውጦታል። የዚያ ትምህርት ቤት ሰዎች እንደሚሉት፣ ከአፍ የሚወጣው አረፍተ ነገር ላይኛው መዋቅር ብቻ ነው፤ ከሥሩ ሙሉ ትርጉሙን የያዘ ጥልቅ መዋቅር አለ። ከጥልቁ ወደ ላይኛው ሲመጣ ነገሮች ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ይጣላሉ። «ቤቱ ተሸጠ» ስንል ሻጩ በአፍ አልተጠራም፤ በአእምሮ ግን አለ። ሻጭ የሌለው ሽያጭ የለምና።

ግሪንደር የያዘው ይህን «መጣል»፣ ግድፈቱን ነው። በ1971 ከፖል ፖስታል ጋር ያወጣው ጽሑፍ ዛሬም በዘርፉ ሰዎች ይጠቀሳል። ሐሳቡን በአማርኛ እንየው፦ «አጎቴ ሚስት የለውም፤ ያንተ አጎት ግን አለው፤ ጎበዝ ነጋዴም ናት።» ነጋዴዋ ማን ናት? የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሚስት የለችም ይላል። ሁለተኛው «አለው» ብሎ ብቻ ያልፋል፤ «ሚስት» የሚለው ቃል አልተነገረም። ግን «ናት» ያልናት ሴት የተገኘችው ካልተነገረው ቦታ ነው። እንግዲህ የተጣለው ነገር ጨርሶ አልጠፋም፤ ተደብቆም ይሠራል። በዚያው ዓመት በሳን ዲየጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያገኘው በእንግሊዝኛ ስላለው ግድፈት በጻፈው ጥናት ነው። በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ከታዋቂው የሥነ ልቦና ምሁር ከጆርጅ ሚለር ጋር ሠርቷል። በ1973 ከሱዜት ሄይደን ኤልጂን ጋር የሰዋስው መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መንገድ ቢቀጥል ኖሮ ተማሪዎቹ የሚያከብሩት፣ ከግቢ ውጭ ግን የማይታወቅ ፕሮፌሰር ሆኖ ጡረታ ይወጣ ነበር።

መንገዱን ያስለወጠው ሳንታ ክሩዝ ነው።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳንታ ክሩዝ ግቢ የተከፈተው በ1965 ነው። ዘመኑ የቬትናም ጦርነት፣ የረጅም ጸጉርና «ራስህን ፈልግ» የሚባልበት ነበር። ግሪንደር በረዳት ፕሮፌሰርነት ሲቀጠር፣ እዚያው ሪቻርድ ባንድለር የተባለ በአሥር ዓመት የሚያንሰው ተማሪ አገኘ። ባንድለር ሮበርት ስፒትዘር ለተባለ አሳታሚ ይሠራ ነበር፤ ሥራው በ1970 የሞተውን የጌስታልት ሕክምና አባት የፍሪትዝ ፐርልስን ቅጂዎች እያዳመጠ ለመጽሐፍ ማዘጋጀት ነው። ቀን ከሌት ሲያዳምጥ የሰውየው አነጋገር ተጋባበት። ከፍራንክ ፑሴሊክ ጋር ሆኖም ተማሪዎችን እየሰበሰበ የጌስታልት ቡድን ያካሂድ ጀመር። ፑሴሊክ ከቬትናም የተመለሰ ወታደር ነው፤ ስሙ ኋላ ይፈለጋልና ይያዝልን።

ባንድለር ሰዎችን ሲያነጋግር ውጤት ያገኛል፤ እንዴት እንደሚያገኝ ግን መናገር አይችልም። የእናቱን ወጥ ጣዕም በትክክል አውቆ ሙያውን ማስረዳት እንዳቃተው ልጅ ነው። ስለዚህ ግሪንደርን ለመነው፤ መጥተህ እየኝ፣ የማደርገውን ንገረኝ አለው። ግሪንደር መጥቶ ተቀመጠ። አይቶ ሲያበቃ ማስታወሻ ከመጻፍ ይልቅ በሳምንቱ ሌላ ቀን የራሱን ቡድን ሰብስቦ ባንድለር ያደረገውን እየደገመ ሞከረ። መጀመሪያ መምሰል፣ ከዚያ የትኛው ቁራሽ እንደሚሠራና የትኛው ትርፍ እንደሆነ መለየት። ኤን ኤል ፒ ውስጥ «ሞዴሊንግ» የሚባለው ነገር መነሻው ይህ ነው፤ በሐቀኝነት ሲመዘን ከዘዴው ሁሉ ጠንካራው ሐሳብም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከፐርልስ ቀጥሎ ዝነኛዋን የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ ቨርጂኒያ ሳቲርን ተመለከቱ። ግሪንደር የነዚህን ሰዎች ጥያቄዎች ሲሰማ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ሐኪሞቹ ሳያውቁት የእሱን የዶክትሬት ጥናት እየሠሩት ነው። በሽተኛው ሲናገር የሚጥለውን እየለቀሙ ይጠይቁታል።

«ሰው ይንቀኛል።» የትኛው ሰው? ንቀቱን በምን አወቅህ?

«ሁልጊዜ ይቀድሙኛል።» ሁልጊዜ? አንድም ቀን ቀድመህ አታውቅም?

«እናቴን እምቢ ማለት አልችልም።» ምን ይከለክልሃል? ብትላትስ ምን ይመጣል?

«ይህ ይሻላል።» ከምን?

በ1975 የወጣው የመጀመሪያው የጋራ መጽሐፋቸው እነዚህን ጥያቄዎች በሥርዓት ያስቀመጠ ነው። ሰው ስለ ዓለም ሲናገር ይገድፋል፣ ያዛባል፣ በጅምላ ይደመድማል፤ ከዚያም የራሱን አጭር ወሬ እንደ ዓለሙ ቆጥሮ እዚያው ውስጥ ይታሰራል። ሐኪሙ የጎደለውን ካስመለሰለት አማራጭ ይታየዋል። ሳቲር መቅድም ጻፈችለት፤ በዚያው ግቢ ያስተምር የነበረው ስመ ጥር አንትሮፖሎጂስት ግሪጎሪ ቤትሰን ደግሞ መግቢያ። ለሁለት ስም የለሽ ሰዎች ይህ ቀላል ማዕረግ አልነበረም።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ወዲያው ሰምና ወርቅ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ይመሳሰላል፤ ግን አይደለም። ባለቅኔው ወርቁን የሚሰውረው አውቆ ነው፤ ለሚፈታው ሰው አስቦ። «ሰው ይንቀኛል» የሚለው ግን ከራሱም የተሰወረ ነገር ነው፤ ያ «ሰው» ምናልባት የሞተ አባቱ መሆኑን እሱም ረስቶታል።

ታሪኩ እዚህ ቢቆም ግሪንደር አንድ ጠቃሚ ነገር ለሐኪሞች ያበረከተ ምሁር ነበር። አልቆመም። ቤትሰን ወደ ፊኒክስ፣ አሪዞና ጠቆማቸው፤ ወደ ሚልተን ኤሪክሰን። ኤሪክሰን በ17 ዓመቱ ፖሊዮ የመታው፣ በስተርጅና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የዋለ፣ በሂፕኖሲስ የሚያክም የአእምሮ ሐኪም ነው። ግሪንደርና ባንድለር አነጋገሩን ሲፈትሹት ግራ አጋባቸው፤ እስከዚያ ያገኙትን ሁሉ ገልብጦ የሚሠራ ሰው ነበርና። ሳቲር የጎደለውን ትሞላለች፤ ኤሪክሰን ሆን ብሎ ያጎድላል።

እንዲህ ያለ ንግግር እናስብ፦ «በሕይወትህ ያለፈ አንድ ከባድ ነገር አለ። ከእሱ የተማርከውም ነገር አለ። ያ ትምህርት አሁን፣ በምትፈልገው መንገድ፣ ሊጠቅምህ ጀምሯል።» ተናጋሪው ምንም አላለም። የትኛው ነገር? ምን ትምህርት? በምን መንገድ? ግን ሦስት መቶ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ቢነገር ሦስት መቶውም «ስለ እኔ ነው የሚናገረው» ይላል፤ እያንዳንዱ ባዶውን ቦታ በራሱ ሐዘን ስለሚሞላው። ደብተራ ሲጠነቁል፣ ካድሬ ሲሰብክ፣ ፖለቲከኛ «ሕዝቡ የሚፈልገው ለውጥ» ሲል የሚሠራው ይህ ነው። የግሪንደርና የባንድለር አዲስ ነገር ስልቱን ከአንድ አዋቂ አፍ ወስደው ማንም ሊማረው በሚችል ሕግ መዘርዘራቸው ነው። ከ1975 እስከ 1977 በሁለት ቅጽ አወጡት። ኤሪክሰን ራሱ በመቅድሙ፣ እኔ ልገልጸው ከምችለው በላይ ገልጸውታል ብሎ መሰከረላቸው።

እንግዲህ አንድ ሰው በእጁ ሁለት መሣሪያ ያዘ፤ አንዱ ክፍተትን የሚያጋልጥ፣ ሌላው በክፍተት የሚሠራ። በአንደኛው ጠያቂ ትሆናለህ፣ በሁለተኛው አሳማኝ። ለገበያ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ ለመገመት የሥነ ልሳን ዶክትሬት አያስፈልግም።

ግሪንደር ዩኒቨርሲቲውን ተወ። በ1979 የወጣው መጽሐፋቸው ጥናት አይደለም፤ የስልጠና ንግግራቸው ተገልብጦ የታተመ ነው፤ ቀልድና ፉከራ የሞላበት። የቆየ ፍርሃት በአንድ ቁጭታ ይነቀላል ተባለ። ሰዎች በዓይን የሚያስቡ፣ በጆሮ የሚያስቡና በስሜት የሚያስቡ ተብለው ተለዩ፤ መለያውም «ይታየኛል» ይላሉ ወይስ «ይሰማኛል» የሚለው አነጋገራቸው ሆነ። (አማርኛ ተናጋሪ ቢያማክሩ ኖሮ ይቸገሩ ነበር፤ እኛ ድምፅም፣ ሕመምም፣ ሐዘንም «ይሰማናል»።) የዓይን እንቅስቃሴም የሐሳብን ዓይነት ያሳያል ተባለ። ዓይኑ ወደዚህ የዞረ ሰው ውሸታም ነው የሚለው፣ ዛሬ በየቪዲዮው የሚደጋገመው ነገር የነሱ አልነበረም፤ ኋላ የመጡ ሰዎች የቀጠሉት ነው። አንዴ በር ከተከፈተ ግን የሚገባውን መቆጣጠር አይቻልም። ሪቻርድ ዋይዝማንና ባልደረቦቹ በ2012 ሲፈትኑት ውሸትንና የዓይን አቅጣጫን የሚያገናኝ ነገር አላገኙም።

የምስክር ወረቀት መሸጥ ተጀመረ። የተቆጣጣሪ አካል ፈቃድ ሳያስፈልገው አንዱ ሌላውን ያሠለጥናል፣ የሠለጠነው ደግሞ በተራው ያሠለጥናል። ከግሪንደር ከተማሩት አንዱ ቶኒ ሮቢንስ የተባለ ወጣት ነበር፤ እሱ ስታዲየም ሞላ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ አነቃቂ ተናጋሪዎችም የሮቢንስን አካሄድ ያዙ። የግሪንደር ስም በመንገድ ላይ ወደቀ፣ አሠራሩ ቀጠለ።

ጥያቄው ወደ ባለቤቱ መዞሩ አይቀርም ነበር። «ይሻላል» ያላችሁት ከምን ነው? «ሰዎች ተፈውሰዋል» ስትሉ የትኞቹ ሰዎች? ስንቱ? ከስንት ወር በኋላ ታዩ? ክሪስቶፈር ሻርፕሊ በ1984 አሥራ አምስት ጥናቶችን፣ በ1987 ደግሞ በጠቅላላ 44 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር የዓይን፣ የጆሮና የስሜት ክፍፍሉ ድጋፍ አጣበት። የዘዴው ወገኖች፣ ተመራማሪዎቹ ኤን ኤል ፒን በቅጡ አልተማሩትም፣ ጥናታቸውም ጉድለት አለው ብለው መለሱ። ክርክሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም። ግን ዘዴውን በሚገባ የሚያውቁት እነሱ ከሆኑ የተሻለውን ጥናት ማካሄድ የነበረባቸውም እነሱ ናቸው። አዳራሽ ለመሙላት ጊዜ ነበራቸው፤ ለዚህ አልነበራቸውም።

ግሪንደር ያገለገለበት ጦር ሠራዊትም ጠየቀ። የአሜሪካ ጦር የሰውን ብቃት ያሳድጋሉ የሚባሉ ዘዴዎችን እንዲመረምርለት ብሔራዊውን የምርምር ምክር ቤት አሳሰበ፤ የኮሚቴው ሪፖርት በ1988 ወጣ። ኤን ኤል ፒ ሰው ላይ ተጽዕኖ በማሳደር በኩል ይሠራል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም ይላል። አዋቂን ሰው አይቶ ሙያውን የመገልበጥ ሐሳብ፣ ያ የመጀመሪያው የሳንታ ክሩዝ ሥራ፣ ግን ኮሚቴውን ስቦታል። በ2012 በብሪታንያ የወጣ የጤና ጥናቶች ግምገማም የጤና ውጤቱን የሚደግፍ ማስረጃ ጥቂት መሆኑን ደመደመ።

ሁለቱ መሥራቾች በዚህ ጊዜ የተለያዩት ቆይተው ነበር። በ1980 ግድም ተለያዩ፣ በ1981 ተካሰሱ። ግሪንደር ከጁዲት ዴሎዚየር ጋር «አዲሱ ኮድ» ያለውን ሥራ ጀመረ፤ የቀድሞው ዘዴ ሰው በሐሳቡ አውቆ ይምረጥ ስለሚል ስህተት ነበረው፣ ምርጫው ከማይታወቀው የአእምሮ ክፍል መምጣት አለበት አለ። የራሱን ሥራ «ስህተት» ማለት በዚያ ገበያ ውስጥ ብርቅ ነገር ነው፤ ሊመሰገንበት ይገባል። በ2001 ከካርመን ቦስቲክ ሴንት ክሌር ጋር ባሳተመው መጽሐፍም፣ ዘርፉ ሞዴሊንጉን ትቶ ስልጠና ብቻ ሆኗል ብሎ ወቀሰ። ወቀሳው እውነት ነው። ሆኖም የስልጠናውን ገበያ ከከፈቱት አንዱ ማን እንደሆነ ወቀሳው ውስጥ ጎልቶ አይታይም።

ዋናው ጠብ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ባንድለር በ1996 እና በ1997 በሳንታ ክሩዝ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ ኤን ኤል ፒ የኔ ብቻ ንብረት ነው፣ ግሪንደርና ሌሎችም ያለ መብታቸው ይነግዱበታል አለ፤ የጠየቀውም ካሳ በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነበር። ከፐርልስ፣ ከሳቲርና ከኤሪክሰን አፍ የተለቀመ ነገር የማን ንብረት ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሦስቱም በዚያን ጊዜ ሞተዋል፤ የከሰሰም የለም። በየካቲት 2000 ፍርድ ቤቱ በባንድለር ላይ ወሰነ፤ የብቸኛ ባለቤትነት አባባሉም ሕዝብን ያሳሳተ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለቱ ታረቁ፤ የኤን ኤል ፒ የጋራ ፈጣሪዎችና የጋራ መሥራቾች መሆናቸውን በጽሑፍ አመኑ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ላያጣጥል ተስማሙ።

ሁለቱ ብቻ። ግሪንደር መጥቶ ከመቀመጡ በፊት ከባንድለር ጋር ቡድኑን ያካሂድ የነበረው ፍራንክ ፑሴሊክ በስምምነቱ ላይ አልተጠራም። በመጽሐፎቹ ሽፋን ላይም አልነበረም። አሠልጣኞች በየመድረኩ «ሁለቱ መሥራቾች» እያሉ ሲናገሩ አርባ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

በ2013 ስለ ኤን ኤል ፒ አመጣጥ አንድ መጽሐፍ ታተመ። በሳንታ ክሩዝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበሩ ሰዎች ያዩትን የጻፉበት ነው፤ ፑሴሊክም ሦስተኛው መሥራች ሆኖ ቀርቧል። አዘጋጆቹ ሁለት ናቸው። ሽፋኑ ላይ የጆን ግሪንደርና የፍራንክ ፑሴሊክ ስም ተጽፏል። በዚህኛው የተገደፈው ባንድለር ነው።